የኢሜይል ሰርቨር አፕዴት መሀል ላይ ሲከሽፍ፦ መልእክት ሳይጠፋ እንዴት ይስተካከላል

አፕዴት ከሽፎ የኢሜይል ሰርቨር ሲቆም ሁሉም የሚፈራው መልእክት እንዳይጠፋ ነው። ሰርቨሩ ጨርሶ ከተዘጋ ግን የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ላኪው ሰርቨር መልእክቱን እዚያው ራሱ ጋ በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። የኤስኤምቲፒ (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት ስምምነት) ደንብ ላኪዎች ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲታገሡ ይላል፤ ኢሜይል የሚልከውና የሚቀበለው ፕሮግራም ፖስትፊክስም ማንም ካልቀየረው 5 ቀን ይጠብቃል። ቀድመው የሚተዉ ላኪዎች አይጠፉም፣ ለጥቂት ሰዓት መዘጋት ግን ብዙ አያሰጋም።

የሚያሰጋው በግማሽ ጎኑ የተነሣ ሰርቨር ነው። ኢሜይል በሚገባበት ፖርት 25 ላይ ሆኖ ያዳምጣል፣ ቅንብሩ ግን ተቀይሮበት የራሱን ተጠቃሚዎች አያውቃቸውም፤ ለመጣው ሁሉ «550፣ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም» ይላል። በ5 የሚጀምር መልስ ቁርጥ ያለ እምቢታ ስለሆነ ላኪው ዳግመኛ አይሞክርም፤ መልእክቱን ለጻፈው ሰው ይመልሰዋል። በ4 የሚጀምር መልስ «ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

አካሄዱ ፖስትፊክስና ደቭኮት (መልእክቱን በየሳጥኑ አስቀምጦ ለተጠቃሚው የሚያቀርበው ፕሮግራም) ለሚሠሩበት የዴቢያን ወይም የኡቡንቱ ሰርቨር ነው። ትእዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

በመጀመሪያ በሩን ይዝጉ

ሰርቨሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እርግጠኛ ካልሆኑ ፖስትፊክስን ያቁሙት፦ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ፖስትፊክስ»። ማቆም የማይቻል ከሆነ ወይም እየሠሩ መሞከር ከፈለጉ «ፖስትኮንፍ -ኢ ሶፍት_ባውንስ=የስ» ብለው «ፖስትፊክስ ሪሎድ» ይበሉ። ይህ ቅንብር ፖስትፊክስ በ5 የሚጀምሩ መልሶቹን ወደ 4 እንዲቀይር ያደርገዋል፤ ስሕተት ቢኖር እንኳ ላኪው ተመልሶ ይሞክራል።

ቀጥሎ «/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ»ን፣ «/ኢቲሲ/ደቭኮት»ን እና ወረፋው ያለበትን «/ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ»ን ሌላ ቦታ ይቅዱ። ሰርቨሩ ቨርቹዋል ከሆነ ስናፕሾት (ዲስኩ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) ይውሰዱ፤ ግን ፖስትፊክስና ደቭኮት ከቆሙ በኋላ። እየሠሩ የተወሰደ ስናፕሾት ላይ ከተመለሱ በመካከሉ የገቡት መልእክቶች አብረው ይጠፋሉ። ላኪው «ተቀብያለሁ» ተብሎ ስለነበር እነዚያን መልሶ አይልካቸውም።

የከሸፈው የቱ ደረጃ ላይ ነው?

አንድ አፕዴት ሦስት ሥራ አለው፦ ፓኬጁን (የፕሮግራሙን ጥቅል) ማውረድ፣ መፍታትና ማዋቀር። የትኛው ላይ እንደቆመ ሳያውቁ ትእዛዝ መደጋገም ነገሩን ያባብሰዋል። በስክሪኑ ላይ ያለፈው ሁሉ «/ቫር/ሎግ/አፕት/ተርም.ሎግ» ውስጥ አለ። ከታች ወደ ላይ ሳይሆን የመጨረሻውን አፕዴት ከመነሻው ያንብቡት፤ መጨረሻ ላይ የሚታየው ረጅም የስሕተት ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የአንዲት ቀዳሚ ስሕተት ጥላ ነው።

ፓኬጆችን የሚጭነውን ፕሮግራም ዲፒኬጂን «ዲፒኬጂ -ኤል» ብለው ሲጠይቁት በእያንዳንዱ ፓኬጅ ፊት ሁለት ፊደል ይታያል። «አይ-አይ» ከሆነ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ፊደል «ዩ» ከሆነ ፓኬጁ ተፈትቷል፣ አልተዋቀረም። «ኤፍ» ከሆነ ማዋቀሩ ተጀምሮ ከሽፏል። «ኤች» ከሆነ መጫኑ ራሱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። «ዲፒኬጂ --ኦዲት» የተበላሹትን ብቻ ለይቶ ያወጣል።

ማውረድ ላይ ከቆመ

ይህ ቀላሉ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የተነካ ነገር የለም። «ኖት ቫሊድ የት» የሚል ካዩ የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በ«ታይምዴትሲቲኤል» ያረጋግጡና ያስተካክሉት። «ኖ_ፐብኪ» የፓኬጅ ምንጩ ፊርማ ቁልፍ አለመኖሩን ይናገራል፤ ጊዜው ያለፈበት ቁልፍም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ከዴቢያን ውጭ በተጨመረ ምንጭ ላይ ነው፣ መፍትሔው አዲሱን ቁልፍ ከባለቤቱ ገጽ ማውረድ ነው። «ሀሽ ሰም ሚስማች» ከሆነ መሀል ላይ ያለ ፕሮክሲ ወይም ሚረር (የፓኬጆቹ ቅጂ ያለበት ሰርቨር) አሮጌ ፋይል ሰጥቶዎታል፤ ቆይተው ይሞክሩ ወይም ሚረር ይቀይሩ።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» የሚለው ስሕተት ሌላ ፕሮግራም ፓኬጆቹን ይዟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ በራሱ የሚሠራው «አንአተንደድ-አፕግሬድስ» ይሆናል። የመቆለፊያ ፋይሉን በ«አርኤም» አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው አለ። አይከተሉት። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የፓኬጆቹን መዝገብ ከጻፉ ከሚከተለው ጥፋት ይልቅ 10 ደቂቃ መጠበቅ ይቀላል።

መፍታት ላይ ከቆመ ዲስኩን ይመልከቱ

«ዲኤፍ -ኤች» የቀረውን ቦታ ያሳያል፤ «ዲኤፍ -አይ» ደግሞ የቀሩትን አይኖዶች (ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዛቸውን መዝገቦች)። ሁለተኛውን የሚረሳው ብዙ ነው። በሜይልዲር አቀማመጥ እያንዳንዱ መልእክት አንድ ፋይል ስለሆነ፣ ብዙ ጊጋባይት ባዶ እያለ አይኖድ አልቆ «ቦታ የለም» የሚል ሰርቨር ያጋጥማል። «/ቡት» ለብቻው ክፍልፍል ከሆነ በአሮጌ ከርነሎች ይሞላል፤ «አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» ያጸዳዋል። ሎጉ ካበዛ «ጆርናልሲቲኤል --ቫክዩም-ሳይዝ=200ኤም»።

«አፕት ክሊን»ም ቦታ ያስለቅቃል፤ ግን በ«/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ያሉትን የቆዩ ፓኬጆች ያጠፋል። ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ የሚፈልጓቸው እነሱ ናቸውና የፖስትፊክስንና የደቭኮትን መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ። ዲስክ መሙላቱ አፕዴቱን ብቻ አይደለም የሚያቆመው፦ ወረፋው ባለበት ዲስክ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከተፈቀደው የመልእክት መጠን 1.5 እጥፍ ካነሰ ፖስትፊክስ በ452 መልእክት አልቀበልም ይላል። መጠኑ ካልተቀየረ ይህ ወደ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ከሩቅ የሚገቡበት የኤስኤስኤች ግንኙነት ተቋርጦ ከሆነ የቆመው፣ ቦታ ካለ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «አፕት -ኤፍ ኢንስቶል» ማለት ይበቃል። ይህን ግን ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራው እንዲቀጥል ከሚያደርጉት ከ«ቲመክስ» ወይም ከ«ስክሪን» ውስጥ ሆነው ይስጡ፤ ያለበለዚያ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እዚያው ይመለሳሉ።

ማዋቀር ላይ ከቆመ፦ ጥፋቱ ከፓኬጁ ላይሆን ይችላል

እዚህ ጋ ጊዜ ይውሰዱ። «ኤረር ፕሮሰሲንግ ፓኬጅ ደቭኮት-ኮር» ይልና ከታቹ «ፖስት-ኢንስታሌሽን ስክሪፕት» በ«ኤግዚት ስታተስ 1» ተመለሰ የሚል መስመር ይከተላል። ሲነበብ ፓኬጁ የተበላሸ ይመስላል። የተፈጠረው ይህ ነው፦ ፓኬጁ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ስክሪፕቱ ደቭኮትን ሊያስነሣ ሞክሯል፤ ደቭኮት አዲሱ ቨርዥን የማይቀበለው ቃል ቅንብሩ ውስጥ አግኝቶ አልነሣም አለ፤ ዲፒኬጂም ፓኬጁን «ያልተዋቀረ» ብሎ መዘገበው። ፓኬጁን አጥፍቶ ደግሞ መጫን እዚያው ግድግዳ ላይ ይመልስዎታል። «ፐርጅ» ካሉማ ቅንብርዎም አብሮ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ቅንብሩን ማረም ነው። «ዶቭኮንፍ -ኤን» ሲሉ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ይናገራል። ያስተካክሉት፣ ደግመው ይጠይቁት፣ ስሕተት ሳያወጣ ሲያልፍ ብቻ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ይበሉ። ለፖስትፊክስ «ፖስትፊክስ ቼክ» የፈቃድና የማኅደር ችግሮችን ያወጣል፤ «ፖስትኮንፍ -ኤን» ደግሞ ማንም የማይጠቀምባቸውን ወይም በስሕተት የተጻፉ ስሞችን ያስጠነቅቃል።

በነሐሴ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ወጣው ዴቢያን 13 የሚሸጋገሩ በተለይ ይጠንቀቁ። ከእሱ ጋር የሚመጣው ደቭኮት 2.4 የ2.3ን ቅንብር እንዳለ አያነብም። የዋናው ፋይል የመጀመሪያ ቅንብር «ደቭኮት_ኮንፊግ_ቨርዥን» መሆን አለበት። «ሜይል_ሎኬሽን» ቀርቶ በ«ሜይል_ድራይቨር» እና በ«ሜይል_ፓዝ» ተከፍሏል። የሰርተፊኬቱ መስመርም ስሙ ተቀይሮ «ኤስኤስኤል_ሰርቨር_ሰርት_ፋይል» ሆኗል፣ በፊት ከፋይሉ ስም ፊት ይገባ የነበረው የማእዘን ምልክትም አያስፈልገውም። ሁለት ሰርቨሮችን የሚያመሳስለው ሬፕሊኬተርም ከ2.4 ወጥቷል፤ በእሱ የሚሠሩ ከሆነ ሌላ መንገድ ሳያዘጋጁ አይሸጋገሩ። ይህን ሽግግር በሥራ ሰርቨር ላይ ከመጀመር በሙከራ ማሽን ላይ አዲሱን ቅንብር ጽፎ መምጣት ይሻላል።

በመሀል «የእርስዎን ፋይል እናቆይ ወይስ አዲሱን እንትከል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የራስዎን ያቆዩ። አዲሱ በጎን «.ዲፒኬጂ-ዲስት» ወይም «.ዩሲኤፍ-ዲስት» በሚል ጭራ ይቀመጣል፤ ኋላ በ«ዲፍ» ያነጻጽሯቸዋል። ፖስትፊክስ የሰርቨሩን ዓይነት ከጠየቀ መልሱ «ኖ ኮንፊግሬሽን» ነው። «ኢንተርኔት ሳይት» ብለው ያለፉ እንደሆነ የሚቀበላቸው ዶሜኖች ዝርዝር እንደ አዲስ ሊጻፍ ይችላል፤ መግቢያው ላይ ያየነው 550 የሚወለደው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ፓኬጁ ገባ፣ ፖስታው ግን አይንቀሳቀስም

በዴቢያን 12 «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትፊክስ» አረንጓዴ «አክቲቭ (ኤግዚትድ)» ቢል አይመኑት፤ እሱ ሽፋን ብቻ ነው፣ ትክክለኛው አገልግሎት «ፖስትፊክስ@-» የሚባለው ነው። «ፖስትፊክስ ስታተስ» እውነቱን ይነግርዎታል። «ሜይል.ሎግ» የሚባል ፋይል ካጡም አይደንግጡ፦ ዴቢያን 12 ያን ፋይል የሚጽፈውን አርሲስሎግን በነባሪነት ስለማይጭን ሎጉ በ«ጆርናልሲቲኤል» ይነበባል።

ሎጉ ውስጥ «ፕራይቬት/ኦውዝ» ጋ መገናኘት አልተቻለም፣ ከታቹም «ፌታል፦ ኖ ኤስኤኤስኤል ኦተንቲኬሽን ሜካኒዝምስ» ካለ የወደቀው ፖስትፊክስ ሳይሆን ደቭኮት ነው። ፖስትፊክስ የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥለት ሲያጣ ግንኙነት የሚቀበለው ሂደት በየጊዜው ይሞታል፣ ከውጭ የሚመጣውም ሳይቀር ይቆማል። ስለዚህ ሁልጊዜ ደቭኮትን አስቀድመው ያስነሡ። «ደቭኮት-ኤልኤምቲፒ» ጋ መገናኘት አልተቻለም ከሆነ መልእክቶቹ ወረፋ ላይ ናቸው፣ ደቭኮት ሲነሣ ይሄዳሉ።

«451፣ ሰርቪስ አንአቬይለብል» እየመለሰ ከሆነ ሚልተሮቹን (መልእክቱን የሚመረምሩ ረዳት ፕሮግራሞችን) ይፈትሹ፦ ወጪ መልእክት የሚፈርመው ኦፕንዲኪም ወይም የቫይረስ ማጣሪያው አልተነሣም። የቫይረስ ማጣሪያው ክላምኤቪ የቫይረስ መዝገቡን ሲጭን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ይይዛል፤ መዝገቡን ሲያድስ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ስለሚይዝ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በትንሽ ሰርቨር ላይ ከርነሉ ይገድለዋል፤ «ዲሜስጅ» ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ይላል። «ኮንከረንትዳታቤዝሪሎድ»ን «ኖ» ማድረግ እጥፉን ያስቀራል። ችግሩን ለማለፍ ብለው «ሚልተር_ዲፎልት_አክሽን»ን «አክሴፕት» አያድርጉት፤ ያልተጣራ ይገባል፣ ያልተፈረመ ይወጣል።

ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ

«አፕት ፖሊሲ» ምን ቨርዥን እንደሚገኝ ያሳያል፤ «አፕት ኢንስቶል» ብለው የፓኬጁን ስም፣ የእኩል ምልክትና ቨርዥኑን ይጽፋሉ። ደቭኮት በብዙ ፓኬጅ የተከፋፈለ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ወደ አንድ ቨርዥን ይመልሱ። ከዚያ «አፕት-ማርክ ሆልድ» ካላሉ ሌሊት አውቶማቲኩ አፕዴት ያንኑ መልሶ ይጭናል። ከዴቢያን 13 ወደ 12 እንዲህ መመለስ ግን የሚሠራ መንገድ አይደለም፤ እዚያ ያለው ስናፕሾቱ ብቻ ነው። መልእክቶቹ በተለየ ዲስክ ላይ ከሆኑ የሲስተሙን ዲስክ ብቻ ይመልሱ።

በሩን ሲከፍቱ

መጀመሪያ ከሰርቨሩ ውጭ ካለ ማሽን ፖርት 25 ላይ ይገናኙ፤ 220 ማለት አለበት። ለእውነተኛ ተጠቃሚ አድራሻ «አርሲፒቲ ቱ» ሲሉት 250፣ ለሌለ አድራሻ ደግሞ እምቢታ ካልመለሰ ቅንብሩ አልተስተካከለም። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አንዳንድ መልእክት ልከው ሎጉ ላይ «ስታተስ=ሴንት» እስኪያዩ ይከታተሉ። ከዚያ «ፖስትኪው -ኤፍ» ወረፋውን ያንቀሳቅሳል፤ «ሜይልኪው» እየቀነሰ መሄድ አለበት። በመጨረሻ «ሶፍት_ባውንስ»ን ወደ «ኖ» መልሰው ሪሎድ ያድርጉ፤ ተረስቶ ከቀረ ተቀባይ የሌላቸው መልእክቶች ለጻፋቸው ሰው ሳይመለሱ ወረፋው ላይ ይከማቻሉ።