የአያት ስም ፍለጋ ስትወጡ የሚያስቷችሁ ነገሮች

ደሴ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ነው። ከማመልከቻው ጋር ግን ሌላ ሥራም መጣብኝ፤ «ጋሼ፣ የአያቴን ወረቀት አፋልገኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ የውርስ ክርክር ይዞ ይመጣል፤ ሌላዋ ከውጭ አገር ለክረምት መጥታ ልጆቿን ዘራቸውን ለማሳወቅ ትፈልጋለች። ሥራውን እወደዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ያንኑ ስህተት እየደጋገሙ ያቺን የመጡባትን ሁለት ሳምንት ሲጨርሷት ማየት ነው።

በመጀመሪያ ቆጠራን ተዉት። በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በ2011 ተራዝሟል። ለቆጣሪው የተነገረው ቃል በምስጢር ይያዛል፣ ለስሌት ይውላል፤ አያትን በስም አውጥቶ የሚያሳያችሁ መስኮት የለም። የልደትና የሞት ምዝገባም በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የሰው ስም ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ጉዳይ ሲኖረው ነበር፦ ክርስትና ሲነሳ፣ ኒካህ ሲያስር፣ ግብር ሲከፍል፣ ሲከስና ሲከሰስ፣ እድር ሲገባ፣ ሲቀጠር፣ ሲወርስ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ «የአያቴን ስም ማን ይፈልገው ነበር? ለምን ጉዳይ?» ብላችሁ አስቡ።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ልምጣ፦ ሰውን በአንድ ስም መፈለግ። እባካችሁ፣ ይህ ወሎ ነው! ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ተደርጎ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ደሴን መናገሻቸው አድርገው ንጉሥ ሚካኤል ለመባል በቁ። መኳንንቱ ስም ሲቀይሩ ባላገሩም ቀየረ፤ ከፊሉ አምኖ፣ ከፊሉ ተገዶ፣ ከፊሉም ቀን በአንዱ ማታ በሌላው ሲጠራ ኖረ። ከዚያም በኋላ በጋብቻ ተጋባን፤ በአንድ ቤት አሊና ገብሬ ወንድማማች የሆኑበት ስንት ቤተሰብ አለ! በዚህ ላይ ስመ ክርስትና አለ፣ የቁልምጫ ስም አለ፣ አማት ለሙሽራዋ የምታወጣላት ስም አለ። የአባት ስም እንጂ ዘር የሚወርሰው የቤተሰብ ስም የለንም። ታዲያ መታወቂያ ላይ ያለውን አንድ ስም ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ምን ይባላል?

አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጥቶ አያቱን ሦስት ቀን በየደብሩ ፈለገ። ቄሱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» አያውቅም። የክርስትና መዝገብ የሚያውቀው ግን ያንኑ ስም ነው፤ ሲሞቱም በፍትሐቱ የተጠሩት በሱ ነው። ኩታበር ያሉ አክስቱ ዘንድ ላክሁት፤ አቦሉ ሳይጠጣ ስሙን ነገሩት። ከስሙም ጋር አያትየው የተወለዱት ከሙስሊም ቤት መሆኑንና ክርስትና የተነሡት ሲያገቡ መሆኑን ጨመሩለት። ይህን ይዘን የቃዲውን ችሎት አሮጌ መዝገብ ብናስገላብጥ ገና ልጅ ሳሉ ከወንድሞቻቸው ጋር የአባታቸው ወራሽ ሆነው ተቆጥረዋል፤ በሌላ ስም። ሦስት ስም፣ አንድ ሰው። ወጣቱ መዝገቡ ላይ እጁን አሳርፎ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ የሰውየውን ስሞች በሙሉ፣ የወንድምና የእህቶቹን፣ የሚስቱንና የቀዬውን ስም ጻፉ። ስሙ ቢጠፋችሁ ቀዬውና ወንድሞቹ ይመሯችኋል።

ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅም ፍሬ የለውም። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ዓመቱን ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እማማ፣ ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ እናትዎ አግብተው ነበር?» ስላቸው ግን «እኔን አርግዛ ነዋ ወደ ጦሳ ተራራ የሸሸችው!» አሉኝ። ድብደባው ኅዳር 1928 ነው፤ ልደታቸው ወለል ብሎ ታየ። የ1966ን ረሃብና የ1977ን ድርቅም እንዲሁ ተጠቀሙባቸው። ደግሞም ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ መቅረጫውን ከሰላምታው በፊት አታውጡ።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፈረንጁ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ ስህተት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ ሰባት ነው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር አንድ ቁጥር ደምሮ ወይም ቀንሶ አይገኝም። በጣልያን ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ላይ ከፈረንጁ ዓመት ጎን በሮማውያን ቁጥር የሚታየው የፋሽስቱ ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ «በዘመነ ዮሐንስ» ካለ ደግሞ ዓመቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ፦ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። 1928 ላይ 5500 ሲደመር 7428 ነው፤ ለአራት እኩል ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ።

የዛሬውን ቀበሌ ቁጥር ይዛችሁ የድሮ ቤት አትፈልጉ፤ ቀበሌዎች ተጣጥፈዋል። ትርፍ ቤት በ1967 ሲወረስ የተከፈተ ማኅደር ካለ የቀድሞው ባለቤት ስም አይጠፋበትም፤ በድሮው ቀበሌና በድሮው የቤት ቁጥር ጠይቁ።

ብራና ሲከፈትላችሁ ወንጌሉን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ኅዳጉንና ባዶውን ቅጠል ተመልከቱ፤ ስጦታ፣ የመሬት ጉዳይ፣ የምስክር ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል እንኳ የገዳሙን ንብረት ዝርዝር በላዩ ይዟል። በሼኾቹ ቤት ባሉ ኪታቦችም ልጅ የተወለደበት ቀን ከሽፋኑ ውስጥ ተጽፎ አይቻለሁ።

ሴቶችን በባላቸው ስም ፈልጋችሁ «የለችም» አትበሉ። እድሩ ባልን ይጽፍ ይሆናል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የኒካህ ውልና የፍቺ መዝገብ ግን ሴቲቱን በስሟ ከነአባቷ ይጠራሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራች ከሆነች የጡረታ ማኅደሯን ጠይቁ፤ የልጆቿ ስም እዚያ ይገኛል።

የርስት ክርክር መዝገብ ያገኘ ሰው የከሳሹን የዘር ሐረግ እንዳለ ይገለብጣል። ያ ሐረግ መሬት ለማግኘት የቀረበ ክርክር ነው። የተከሳሹን መልስና ፍርዱን ሳታነቡ አትመኑት።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ለአንድ ቤተሰብ አያታቸውን በእድር ደብተር አገኘሁላቸው፤ ስምና የአባት ስም ገጠመ፣ ቀብሩንም አሳየኋቸው። አልቅሰው፣ ጸበል ጸዲቅ ደግሰው ተመለሱ። ከዓመት በኋላ የሟቹ የራሳቸው አያት ስም ጭምር ያለበት ደረሰኝ ሲገኝ ሰውየው ሌላ ሆኑ። ደውዬ መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስም እስከ አያት ካልገጠመና ቀዬው ወይም አንድ ዘመድ ካልመሰከረ «አገኘሁ» አልልም።

ያን የእድር ደብተር ዛሬም አየዋለሁ። መስመሩ በእጅ የተሰመረ ነው፣ ያልከፈለው በቀይ ተከቦበታል፣ የሞተው ስም ላይ ትንሽ መስቀል ወይም «ረሒመሁላህ» አለ። በ2014ቱ ጦርነት የእድሩ ዳኛ ሚስት ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራ ነው ያተረፈችው። እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ሲገባ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ገጽ በገጽ በስልካችሁ አንሱት። የወረቀቱንም ጀርባ አንሱ፤ ማኅተሙና የምስክሮቹ ጣት አሻራ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው።