ግራጫ በቀቀናችሁ ሲነክስ፣ ሲጮህ፣ ላባውን ሲነቅል

ትናንት ጭንቅላቱን እንድታኩለት አንገቱን ያጎነበሰ ወፍ ዛሬ ጣታችሁን አደማ። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን የሚያሳድግ ሰው እዚህ ጋር መድረሱ አይቀርም። "ጠላኝ" ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ይሄ ወፍ ነገር ሲለወጥበት በጣም ይፈራል፣ ፍርሃቱን ደግሞ የሚናገረው በመንቁሩ ነው።

ይነክሳል

ከመንከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ አስጠንቅቋል፣ ያላየነው እኛ ነን። ዓይኑን ተመልከቱ። በቢጫው መሐል ያለው ጥቁር ብሌን ቶሎ ቶሎ ጠበብ ሰፋ ካለ ስሜቱ ተነሳስቷል። ደስታ ሊሆን ይችላል፣ ንዴትም። የማጅራቱ ላባ ከቆመ፣ ወይም ላባው ሁሉ ሰውነቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ኋላ ከሸሸ ግን እጃችሁን መልሱ።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ምን እንደተለወጠ አስቡ። የኔዋ አንድ ጊዜ ኬጇ አጠገብ ቀይ ባልዲ ስላስቀመጥኩ ሁለት ቀን ሙሉ አላስነካ አለችኝ። ባልዲው ሲነሳ እሷም ተመለሰች።

መፍትሄው ችኮላን መተው ነው። ለጥቂት ቀናት እጃችሁን ወደ እሱ አትስደዱ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንብቡ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩት፣ ባለፋችሁ ቁጥር የሚወደውን ነገር ሳህኑ ላይ ጣል አድርጉለት። ራሱ ወደ እናንተ መጠጋት ሲጀምር እጃችሁን አቅርቡና እስኪወጣ ጠብቁ፣ አልወጣም ካለም ተዉት። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ቀድሞ የተጎዳ ወፍ ከሆነ ደግሞ ወራት። ሲነክስ መጮህና መምታት ፍርሃቱን እውነት ያደርግበታል።

ላባውን ይነቅላል

ብዙ ሰው "ደብሮት ነው" ብሎ መጫወቻ ይገዛል። መጀመሪያ ግን ወፍ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ ምክንያቱም የቆዳ ኢንፌክሽንም የጉበት ችግርም ላባ ያስነቅላል።

ምግቡም ሌላ ምክንያት ነው። ሱፍና ለውዝ ብቻ የሚበላ በቀቀን ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያጥረዋል። ግራጫው ደግሞ ለካልሲየም እጥረት ከብዙዎቹ በቀቀኖች ይበልጥ የተጋለጠ ነው፣ ሲብስበት እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ስለዚህ ወደ ፔሌት (ለበቀቀን ተመጥኖ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ)፣ ካሮት፣ ዱባና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ቀስ በቀስ አሸጋግሩት፣ በአንድ ቀን ከቀየራችሁበት ጭራሽ መብላት ሊያቆም ይችላል። ፀሐይም ያስፈልገዋል፣ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ግን አይቆጠርም፤ የሚፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ሐኪሙ ጤነኛ ነው ካለ ያኔ ውሎውን እዩ። ጫካ ውስጥ ቀኑን ምግብ ፍለጋ ነው የሚያሳልፈው፣ እኛ ጋ ሳህን ሞልተን እናቀርብለታለን። ምግቡን ወረቀት ውስጥ ጠቅልላችሁ ደብቁለት፣ የሚፈለፍለው እንጨት ስጡት፣ ውሃ እርጩበት፣ ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ርዝመት በጨለማ ይተኛ። ለረጅም ጊዜ የተነቀለ ቦታ ላባ ላያበቅል ስለሚችል አትዘግዩ።

ይጮሃል

ጠዋትና ማታ መጮህ ተፈጥሮው ነው። ከክፍሉ ስትወጡ የሚጮኸው ግን "የት ሄዳችሁ?" እያለ ነው። እሱ ሳይቀድም እናንተ ከወዲያ በፉጨት መልሱለት። ሲጮህ ሮጣችሁ ከመጣችሁ መጮህ እንደሚያስመጣችሁ ይማራል።

አንድ ሰው ብቻ ይወዳል

ጀርባውንና ክንፉ ሥር የምትደባብሱት ከሆነ እንደ ተጓዳኙ ነው የሚያያችሁ፣ ሌላውንም ሰው ያባርራል። ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ተወሰኑ። በጣም የሚወደውን ምግብ ደግሞ ሌሎቹ የቤቱ ሰዎች ብቻ ይስጡት።

ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ የምትሄዱበት ጊዜ

በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል። ጠዋት ከመብላቱ በፊት በግራም ሚዛን መዝኑትና ጻፉት፣ ከክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ ችግር አለ። ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሙቀት ያለው ቦታ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።