የአኒሜሽን ፊልም ሴራ ስትተነትኑ «ከዚያ»ን ተዉት

በሁለት ተከታታይ ትዕይንቶች መካከል በ«ከዚያ» ፋንታ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ካልገባ፣ የጻፋችሁት ትንተና ሳይሆን የፊልሙ ማጠቃለያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ፋይንዲንግ ኒሞ»ን ውሰዱ። ባራኩዳው ሚስቱንና ከአንዱ በቀር እንቁላሎቹን በሙሉ ስለነጠቀው ዓሣው ማርሊን ለልጁ ለኒሞ ከልክ በላይ ይሳሳል፤ ስለዚህ «አትችልም» እያለ በጓደኞቹ ፊት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ኒሞ በእልህ ወደ ጀልባዋ ይዋኛል፤ ነገር ግን አንድ ጠላቂ፣ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ይዞት ሲድኒ ወዳለው የዓሣ ገንዳው ይወስደዋል። እንዴት ያለ ጥብቅ ሰንሰለት ነው!

በብዛት የሚሳተው ጡዘቱ፣ ማለትም ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ነው። ግርግሩ ስለሚበዛ ብቻ ሲድኒ፣ ጥርስ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ያደርጉታል። እኔ ግን መረቡ ላይ ነው እላለሁ። ማርሊንን በፍለጋው የምታጅበው ዓሣ ዶሪ በዓሣ አጥማጆች መረብ ስትያዝ ኒሞ ገብቼ ላድናት ይላል፤ ማርሊን መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ በኋላ ይለቀዋል። አባትየው በራሱ ውሳኔ የሚለወጠው እዚህ ነው።

ይህን ለማግኘት ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ፤ በግራ ማርሊን የሚፈልገውን (ልጁን ማግኘት)፣ በቀኝ የሚጎድለውን (ልጁን ማመን) በየትዕይንቱ መዝግቡ። ቀኙ የሚሞላው መረቡ ላይ ነው። የኒሞ የዓሣ ገንዳ ታሪክ ሦስተኛ ዓምድ ይሰጠው፤ ከአባትየው ጉዞ ጋር ከደባለቃችሁት፣ ፔሊካኑ (ትልቅ የውኃ ወፍ) ናይጅል የማርሊንን ፍለጋ ወሬ ለኒሞ ሲያደርስ ሁለቱ መስመሮች የሚጋጠሙበት ቦታ ያመልጣችኋል።