አራስ ጥንቸል አጥሚት አትጠጣም

የእኛዋ ጥንቸል ሽምብጥ፣ ግቢያችን ጥግ ባለች የጣውላ ሳጥን ውስጥ ስድስት ወለደች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ጀርባዋን ስዳብሳት አከርካሪዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ጣቴን ቆረቆረኝ። ጎረቤታችን እማማ ገና ሲያዩዋት «ውይ፣ አራሷን በረሃብ ገደላችኋት!» አሉና ሳህን ሙሉ ገንፎ ይዘው ከተፍ።

የከሳች አራስ ጥንቸልን ሥጋ ለማስያዝ ስንል የምንሠራው የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ እንደ ሰው አራስ መጦር። ገንፎ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ለእኛ አራስ ጉልበት ነው፣ ለጥንቸል ግን መዘዝ። የጥንቸል መኖ የሚብላላው ዕውር አንጀቷ (ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ያለው ከረጢት) ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ የለመዱት ሳር ነው። ዱቄት ሲበዛባቸው ሆድ ውስጥ ጋዝ ይሞላል፣ ጥንቸሏም ጭራሽ መብላት ታቆማለች። የእኛዋ ገንፎውን ቀመሰችው። ማታ ሳሯን ሳትነካ አደረች፤ ጠዋት ሳጥኗ ውስጥ ያገኘሁት በጠጥ በጣት የሚቆጠር፣ ያውም ከወትሮው ያነሰ ነበር። ደግነቱ በማግስቱ ተመለሰላት። ጥንቸል ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ግን «ነገ እናያለን» አይባልም፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ታዲያ ምን ትብላ? ድርቆሽ፣ የእንጀራውን ሳይሆን የደረቀ ሳር፣ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥ። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ካገኛችሁ በደንብ ስጧት፤ ፕሮቲንና ካልሲየም ስላለው ለምታጠባ እናት ይስማማል፣ ለሌላ ጊዜ ግን ይበዛባታል። የስኳር ድንች ቅጠልና የካሮት ቅጠልም ትወዳለች። አዲስ መኖ ሲሆን ግን በእፍኝ ጀምራችሁ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሁለተኛው ስህተት የኛው አገር ነው። ጣና ዳር ለምለም ሳር ሞልቶ ለምን እንገዛለን እንላለን። ችግሩ ረግረግ ላይ የበቀለ ሳር የጉበት ትል ይዞ ይመጣል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ዳር ያለ ሳር ላይ ይለጠፋል። የፎገራ ከብት አርቢ በደንብ ያውቀዋል፤ ጥንቸልም አትቀርለትም። ሳሩን ከደረቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ እጨዱ። እምቦጭን አረንጓዴ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ መጥጦ የሚይዝ ተክል ነው። ጓሮ ያለ የአቮካዶ ቅጠል ደግሞ ለጥንቸል መርዝ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ወንዱን አብሮ መተው ነው። ጥንቸል በወለደችበት ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ደግሞ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። ስድስት እያጠባች ሌላ ስድስት በሆዷ ከያዘች የቱንም ያህል ብትበላ ሥጋ አትይዝም። ወንዱን ከመውለዷ በፊት አውጡት። እኔ «ያሳዝናል፣ ብቻውን ይሆናል» ብዬ ትቼው ነበር። ያሳዘነችኝ እሷ ሆነች።

«አታጠባም» ብሎ መደናገጥም አለ። ጥንቸል በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምታጠባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይ ንጋት ላይ። የግልገሎቹ ሆድ ክብ ብሎ ከተነፋ ጠግበዋል ማለት ነው። ልጆች በየሰዓቱ ሳጥኑን ሲከፍቱ እናቲቱ ትጨነቃለች፣ መኖዋንም ትተዋለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መድኃኒት ነው። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ውሃ ውስጥ በጥብጦ መስጠት የተለመደ ነው። በአፏ ከገባ እነዚያን የሆዷን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሶ ጥንቸሏን ሊገድላት ይችላል። ጡቷ ቀልቶ፣ ጠጥሮ ከሞቀ ሐኪም ይያት፣ የጓዳ መድኃኒት አይሆንም።

ውሃ ላይ አትቆጥቡ፤ ወተት ከውሃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር ሲያቃጥል ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጡላት። ተጠግታው ትተኛለች። ጥንቸል እንደ እኛ አያልባትም፣ ሙቀቷን የምታስወጣው በጆሮዋ ነው።

በዓይን መገመትም ያታልላል፣ ፀጉሯ ይሸፍናታልና። እኔ በየቅዳሜው ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ሰፈራችን ሱቅ ሚዛን ላይ አወጣታለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ሳቀብኝ፤ አሁን ቅርጫቱን ቀድሞ መዝኖ ይጠብቀኛል። ልጆቿ ጡት እስኪጥሉ ብዙም አልጨመረች፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጣላት። የእናንተዋ ልጆቿ ጡት ጥለውም፣ ሳሯን እየበላችም ካልጨመረች አገጯን ዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ጥርሷ አላግባብ አድጎ ይሆናል፣ አስመርምሯት።