ከዛንዚባር ስቶክሆልም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛንዚባር ሐበሻን ታዘናጋለች። ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ቅመሟ ቤት ቤት ይሸታል፣ መንገዱም በቦሌ በኩል ነው። ስለዚህ ስዊድን የምንኖር ሰዎች የመልሱን ጉዞ እንደ ክፍለ ሀገር መንገድ አቅልለን እናየዋለን።

የመጀመሪያው ስህተት የሰዓት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ እንደኛው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው፣ ያውም የኛው አንድ ሰዓት። እኔ ግን የመውጫ ሰዓቴ ስልኬ ላይ 13:00 መሆኑን አይቼ፣ ቋንቋ ቻልኩ ብዬ ሹፌሩን «ሳ ሞጃ» አልኩት። ጠዋት በአንድ ሰዓት የክፍሌን በር አንኳኳ! በፒጃማ ወጥቼ ስስቅ እሱ አልሳቀም፤ እኔ ወዳለሁበት ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ነው የመጣው። ማለት የነበረብኝ «ሳ ሳባ» ነበር። ሰባት ሰዓት። ቃሉ እንኳን የሚመሳሰል ነበር እኮ።

ከዚህ የሚከፋው የቀኑ ነገር ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሳው በረራ ትኬት ላይ «ማርች 15፣ 00:40» ከተባለ፣ በ15 ማታ ማለት አይደለም። በኛ አነጋገር 14 ማታ፣ ለ15 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ፈረንጅ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል፣ እኛ ሲነጋ። አዲስ አበባ ጥቂት ቀን አርፎ በ15 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የሚደርስ ሰው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ረከሰልኝ ብሎ ሁለቱን በረራ በተለያየ ትኬት መቁረጥም ያስከፍላል። የመጀመሪያው ቢዘገይ የሁለተኛው ትኬት ኃላፊነት የማንም አይደለም፣ የእናንተ እንጂ። ሻንጣውም አብዛኛውን ጊዜ እስከ አርላንዳ (የስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ) አያልፍም፤ ቦሌ ላይ ኢሚግሬሽን አልፋችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስረክባላችሁ። የስዊድን ፓስፖርት ይዛችሁ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከሌላችሁ ደግሞ ለመውጣት ቪዛ ያስፈልጋል። በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ እስከ 600 ዩሮ የሚደርሰው የአውሮፓ ኅብረት ካሳ አለልን የሚሉም አሉ። ያ የሚሠራው ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወይም የኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚያደርገው በረራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዛንዚባር ሲያመጣችሁ አይመለከተውም።

ሰው ጨርሶ የማያስበው የመጥለቅ ጉዳይ ነው። ምነምባ በምትባለው ትንሽ ደሴት አካባቢ በኦክስጅን በርሜል (ውስጡ ያለው ተራ አየር ቢሆንም እንዲህ ነው የምንለው) የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ መብረር የለበትም። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከተጠለቀ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ተደጋግሞ ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። «አዲስ አበባ ላይ ረጅም ትራንዚት አለኝ፣ እዚያ አርፋለሁ» ማለት ደግሞ የኛ ሰው ስህተት ነው። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ከዚያው ከፍታ ብዙም አይርቅም። ዕረፍቱ እዚያው ደሴቱ ላይ ይሁን። በመነጽርና በቱቦ ብቻ ከላይ መንሳፈፍ ግን ችግር የለውም።

ስለ ስንቅም ላንሳ። ቦሌ ላይ ዘመድ የሚያሸክማችሁ ንጥር ቅቤና ቋንጣ አርላንዳ አይገባም፤ ከኅብረቱ ውጪ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። የዛንዚባር ማንጎም ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ከሆነ ይወረሳል። ኮኮናት፣ ሙዝ፣ አናናስና ተምር ግን ይፈቀዳሉ። የኮኮናት ዘይት በእጅ ሻንጣ አትያዙ፦ 24 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ፍተሻው እንደ ፈሳሽ ያየዋል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነም እዚያው ይቀራል።

የወባ ኪኒን ደሴቷን ስትለቁ አይቆምም። ማላሮን ከሆነ 7 ቀን፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ስቶክሆልም ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ከዛንዚባር መምጣታችሁን ለሐኪም ተናገሩ።

ጃኬት ደግሞ በእጅ ይያዝ። ጥር ላይ ሻንጣው ወደ ኋላ ቀርቶ በነጠላ ጫማ የአርላንዳን አውቶቡስ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ ጣቶቹ መካከል ገና አሸዋ ነበር።