ሰፈራችሁ ውስጥ ማምረቻ ሊከፈት ነው? አቤቱታው እንዲህ ይቀርባል

አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ አራዳ ወይም አዲስ ከተማ የምትኖሩ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። በቆርቆሮ ታጥሮ የከረመ ቦታ ላይ አንድ ቀን ሼድ መቆም ይጀምራል። ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ የለም። አንዱ መጋዘን ነው ይላል፣ ሌላው ብረታ ብረት ነው ይላል። ከዚያ ማሽን ይተከላል፣ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ጩኸቱ ይጀምራል። ሰፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ለአቤቱታ የሚነሳው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ገንዘቡን አፍስሶ ሥራ የጀመረን ሰው ተነሳ ከማለት፣ ገና የሚያጥረውን ሰው ምን ልትሠራ ነው ብሎ መጠየቅ በጣም ይቀላል። ስለዚህ ቆርቆሮውን እንዳያችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ ወረዳ ሂዱና ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ጠይቁ። ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሊመሯችሁ ይችላሉ፣ ሂዱ። የምትጠይቋቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የመሬት አጠቃቀሙ ምንድን ነው፣ የፕላን ስምምነት (ግንባታው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ማረጋገጫ) እና የግንባታ ፈቃድ ተሰጥቶታል ወይ፣ የተሰጠውስ ለምን ዓይነት ሥራ ነው። መጋዘን ተብሎ ተፈቅዶ ውስጡ የፕላስቲክ መፍጫ ከተተከለ ትልቁ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። መሀል ከተማው መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት ነው። «ይሄ የመኖሪያ ሰፈር ነው» ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ «ቅይጥ ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ጠንካራው ክርክር ሥራው የሚያመጣው ጉዳት ላይ ነው። ድምፅ፣ ጭስ፣ የቀለም ሽታ፣ ፍሳሽ፣ የከባድ መኪና ምልልስ፣ የእሳት አደጋ። ደግሞ ሼዱ ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። እንጀራቸውን ለመዝጋት አትሂዱ። በተዘጋ ክፍል ቀለም ይረጭ፣ ማታ ግራይንደር አይነሳ፣ ዘይቱ ቱቦ ውስጥ አይደፋ ማለት ይቻላል። እኔ በግሌ በዚህ መንገድ የሄደ ሰፈር የተሻለ ሰሚ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ድምፅ በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ልክ አለ። ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55 ዴሲቤል፣ ሌሊት 45 ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑና ለካ ለካ አድርጉ። የስልክ ልኬት የባለሙያን ልኬት አይተካም፣ ግን ባለሙያው መጥቶ እንዲለካ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሆናል።

ማስታወሻ ያዙ። «እጅግ ተቸግረናል» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ውስጥ ሞልቷል። «ማክሰኞ ማታ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ግራይንደር ሲሠራ ነበር፣ ከልጆች መኝታ መስኮት እስከ ማሽኑ አራት ሜትር ነው፣ ሁለት አስም ያለባቸው አረጋውያን አሉ» የሚል ደብዳቤ ግን ሰው ወንበሩን ስቦ ያነበዋል። ፎቶና ቪዲዮ ጨምሩ። ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድም ተከታተሉ፤ ይሄን ነገር አቃልላችሁ አትለፉት። ከመሀል ከተማ ቱቦ የወረደ ነገር እንደ ባንቲ ይከቱ፣ ቀበናና ግንፍሌ ያሉ ወንዞች ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ። በአቃቂ ውሃ የለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ገበያችን ላይ ይሸጣል።

ከዚያ ሰው አሰባስቡ። እድር ካላችሁ ከእድር የተሻለ ቦታ የለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የነዋሪዎች ማኅበሩ አለ። የቀበሌ ቤት ተከራይም፣ የግል ቤት ተከራይም ይፈርም፤ ካርታ የለኝምና አያገባኝም ብሎ የሚቀር እንዳይኖር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት ማለት እንደሚችል ይናገራል። ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅም የለባችሁም፣ ሊደርስ የሚችለውም ይበቃል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ብላችሁ ጻፉ፣ ግልባጭ ለወረዳው፣ ለግንባታ ፈቃድና ለደንብ ማስከበር። ችግሩን ጻፉ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ። «መፍትሔ ይሰጠን» አትበሉ፤ «ባለሙያ መጥቶ ይለካ፣ ውጤቱ በጽሑፍ ይነገረን» በሉ። ሥራው ትልቅ ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲቀርብና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። ትንሽ ወርክሾፕ ሙሉ ጥናት ላይጠየቅ ይችላል፣ ግን ጠይቆ ማወቅ መብታችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስቀምጧል።

አሁን ዋናው ነገር። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላችኋል፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። «ግድ የለም፣ አየሁት» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ያለዚያ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለሱ ደብዳቤያችሁ እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው፤ ተረኛው ሰው ተቀይሮ፣ ፋይሉ ጠፍቶ፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቅጂውን በስልክ ፎቶ አንሱና ለሁሉም ላኩ።

ከዚያች ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። በአዋጅ 300 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጣችሁ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚህ ያላችሁ ጊዜ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ቀን አንስቶ 60 ቀን ነው። «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ደጅ ሲጠና ይቺ ጊዜ ሳይታወቅ ታልፋለች። በምልልሱ መሀል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የአስተዳደር በደል ለሚመረምረው ለዕንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይቻላል፣ ግን የፍርድ ቤቱን ቀን አትርሱ። ሕጎች ስለሚሻሻሉ ደግሞ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን አንድ የሕግ ባለሙያ ያይላችሁ።

መንገድ ላይ ባለቤቱ «እንነጋገር» ሊል ይችላል። ተነጋገሩ፣ ብዙው ነገር እዚያ ነው የሚያልቀው። ግን በቃል አይሁን። የሥራ ሰዓቱ፣ የጭስ ማውጫው ከፍታ፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ቦታ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም፣ ወረዳው አንድ ቅጂ ይያዝ። አቤቱታውን የምታነሱትም የተስማማችሁበት ነገር ተሠርቶ ካያችሁ በኋላ ነው።