የገማ እንቁላል ሽታ፣ ድኝ እና አንጀታችን፦ ሰው ሲሳሳትባቸው ማያቸው ነገሮች

ፋርማሲ ነው ምሰራው፣ ፍኖተ ሰላም። በገበያ ቀን ቤቱ ይሞላል፣ ከሚመጣው ሰው ደሞ ብዙው ሆዱን ይዞ ነው ሚመጣው። በቀደም አንድ ትልቅ ሰው የጨረሱትን ኪኒን ማሸጊያ ከኪሳቸው አውጥተው "ልጄ እንዲህ ያለውን ስጠኝ" አሉኝ። ሳየው ሜትሮኒዳዞል ነው። "አያ ምንዎን ነው ሚያምዎት?" ስላቸው "ሆዴ ይነፋል፣ ሳገሳ የገማ እንቁላል ይሸተኛል፣ አሜባዬ ተነስቶብኝ ነው" አሉ። ዘንድሮ ስንተኛዎ ነው ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ ቆጠሩና አራት ላይ ቆሙ። ሰገራ ተመርምረው ያውቃሉ? አንድም ቀን።

እኚህ ሰው ከሃሳቤ አልወጣ ስላሉኝ ነው ይሄን ምጽፈው። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሚባል ጋዝ ነው። አንጀት ውስጥ እሱን ከሚሰሩት መሃል ሰልፌት ሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች አሉ። ተነፈሱ ስላቹ ለማሳመር አይደለም፣ እኛ ኦክስጅን እንደምንጠቀመው እነሱ ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ሰልፌትን ይጠቀማሉ፣ እኛ ካርቦንዳይኦክሳይድ እንደምናስወጣው እነሱ ያንን ጋዝ ያስወጣሉ። ሰልፌት ደሞ ድኝ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ማለት ነው። ድኝ ያው አባቶቻችን ባሩድ ይሰሩበት የነበረው፣ ሰዶምና ገሞራ ላይ ዘነበ ሚባለው ዲን ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ያገኛቸው ቤየሪንክ ሚባል የሆላንድ ሳይንቲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ያውም ከቦይ ጭቃ ውስጥ። ሰው አንጀት ውስጥ በብዛት ሚገኘው ዲሰልፎቪብሪዮ ፓይገር ይባላል። ከአንጀት ቁስለትና ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ስማቸው አብሮ መነሳት ከጀመረ ቆይቷል፣ ስለዚ ጉዳዩ የሽታ ብቻ አይደለም። ስህተቶቹን ልንገራቹ።

1. ሽታውን አሜባ ብሎ ኪኒን መግዛት

የገማ እንቁላል ሚሸት ግሳት ካለ አንዱ ሚጠረጠረው ጃርዲያ ሚባለው የአንጀት ተውሳክ ነው፣ እውነት ነው፣ እኛ አካባቢ ደሞ በደንብ አለ። ግን በጣም ብዙ ስጋ ወይ እንቁላል የበላ ሰውም ይሸተዋል፣ ምግቡ ትንሹ አንጀት ላይ በደንብ ያልተፈጨለትም እንደዛው። ሽታ ብቻውን የማንንም ስም አይናገርም። ሜትሮኒዳዞል አሜባና ጃርዲያን ይገላል ግን እዛ አይቆምም፣ ኦክስጅን ማይወዱ ባክቴሪያዎችን በጅምላ ነው ሚመታው፣ አንጀታችንን ሚመግቡትን ደጎቹንም ጨምሮ። ለዛ ነው ለጥቂት ቀን ጋዙ ሊቀንስ ሚችለው፣ ሰውየውም "አየህ አሜባ ነበር" ይላል፣ ከዛ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። መድሃኒቱ ስለሰራ በሽታው ታወቀ ማለት አይደለም። የሰገራ ምርመራ አድርጉ፣ አንዴ አልታየም ማለትም የለም ማለት ስላልሆነ ካልተሻላቹ በሌላ ቀን ድገሙት።

2. ባክቴሪያዎቹን እንደ ወራሪ ማየት

ይሄ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው ሚበዛው። "አንጀትህን አጽዳ"፣ "መርዙን አስወጣ" ሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ምንም ያልታመመ ሰው ውስጥም ይኖራሉ፣ ስራም አላቸው። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ያ ሃይድሮጅን ከተጠራቀመ ማብላላቱ ራሱ ይታፈናል፣ ስለዚ አንድ ሰው ሊያነሳው ይገባል። ሚያነሱት ሶስት አይነት ናቸው፦ ሜቴን ሚሰሩት፣ አሴቴት ሚሰሩት እና እነዚህ ሰልፌት ሚተነፍሱት። ሶስቱ እንደ አንድ ምንጭ ቀጂዎች ይሻማሉ፣ ሰልፌት በበዛበት ቦታ ሰልፌት ተንፋሾቹ ያሸንፋሉ፣ ካነሰ ሌሎቹ ይበረታሉ። ጋዙም ቢሆን በትንሽ በትንሹ ጠላት አይደለም፣ ሰውነታችን ራሱ ይሰራዋል፣ የደም ስር ያላላበታል፣ የአንጀት ሴሎችም መጠኑ ካላለፈ ወደ ሌላ ነገር ቀይረው ጉዳቱን ያከሽፉታል እንዲያውም ጉልበት ያገኙበታል። ነገሩ የመጠንና የሚዛን ነው። እና እባካቹ ጠራርጎ ያወጣል ተብሎ ሚሸጥ ነገር አትጠጡ።

3. "ጋዝ ነው፣ ምን ያረጋል" ማለት

ይሄ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ እዚ ጋ ትንሽ ቆይታ ስጡኝ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚ ነው። የትልቁ አንጀት ሴሎች እንደሌላው ሴል በደም ከሚመጣ ስኳር አይደለም በዋናነት ሚኖሩት፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ጉልበታቸውን ሚያገኙት ቡቲሬት ከሚባል ነገር ነው፣ ቡቲሬትን ደሞ ደጎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው ከጥራጥሬና ከአትክልት ፋይበር (እኛ መፍጨት ማንችለው ክፍላቸው) ሚሰሩላቸው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ ሴሎቹ ይሄን ቡቲሬት ማቃጠል ያቅታቸዋል፣ የሴሉን ምድጃ ነው ሚያፍነው፣ ማገዶ ተከምሮ እሳቱ ግን አይያያዝም። ሴሉ ሲራብ ግድግዳው ይሳሳል። ይሄን ሃሳብ ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ ያነሱት አውስትራሊያ ውስጥ አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ሚባለውን የአንጀት ቁስለት ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳት ሽፋኑ ላይ ነው። አንጀታችን ውስጡ በዝልግልግ ንፍጥ ተለብጧል፣ ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይነካ ሚጠብቀው እሱ ነው። የዛ ንፍጥ ክሮች እርስ በርስ የተሳሰሩት በድኝ ድልድይ ነው፣ ሁለት የድኝ አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው። ጋዙ ሲበዛ ድልድዩን ይሰብረዋል፣ ንፍጡ ይቀጥናል፣ ባክቴሪያ ያልፋል፣ የሰውነት መከላከያም ይቆጣል፣ ቁጣው ሲቆይ ቁስለት ይሆናል። ሚገርመው ንፍጡ ራሱ ሰልፌት አለው፣ ባክቴሮይድስ ሚባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ከንፍጡ ላይ ቆርጠው ይለቁታል እነዚህኞቹ ደሞ ያንን ይለቅማሉ። ማለት ስጋ አልበላሁም ያለ ሰውም ምንጩ ከገዛ አንጀቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ በወጣ ጥናት ፋይበር ሲነፈጋቸው ባክቴሪያዎቹ ፊታቸውን ወደ ንፍጡ አዙረው ሲበሉት ታይቷል። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ለሆድ ለምን ባዶ ዱቄትና ስኳር ብቻ መስጠት እንደማይገባ የገባኝ።

4. ድኝ አለበት ብሎ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት መተው

አንዷ ደንበኛዬ "ሽታ ያመጣል ብለውኝ ጎመን ከተውኩ ዓመት ሆነኝ" አለችኝ፣ ልጆቿንም አስተዋቸው። እውነት ነው ጎመንም ሽንኩርትም ድኝ አላቸው፣ ሽታም ሊጨምሩ ይችላሉ። ግን ፋይበርም ይዘው ይመጣሉ፣ ፋይበሩ ደሞ ቡቲሬት ይሆናል። ትልቁ አንጀት ድረስ ሳይፈጭ ወርዶ ሰልፋይድ ሚሆነው የተትረፈረፈ ፕሮቲን ነው ይበልጥ ሚያሳስበው፣ በተለይ ሲስቲን ሚባለው ድኝ ያለው አሚኖ አሲድ፣ እሱን ደሞ ሰልፌት ሚተነፍሱት ብቻ ሳይሆኑ እነ ኢ ኮላይ ጭምር ወደዛ ጋዝ ይቀይሩታል። እኛ አገር ባቄላ አለ፣ አተር አለ፣ ምስራቅ ጎጃም ጤፍ አለ፣ እዚ ምዕራቡና አዊ ጋ ደሞ ግብጦ አለ፣ ቀናት በውሃ ተነክሮ ምሬቱ ወጥቶ ሚበላው። ከከተማ የመጣ ዱቄት ይሻላል ብላቹ እነዚህን አትተው። ሆዳቹ ገና ቁስል ላይ ከሆነ ወይም አንጀታቹ ጠብቧል ከተባላቹ ግን ፋይበሩን መቼና ስንት እንደምትጨምሩ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ያኔ ጥሬው ቆሎው ሊያስቸግር ይችላል።

5. ፋሲካ ላይ አንድ ጊዜ መገልበጥ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ሽሮ ጎመን ምስር። ከዛ የፋሲካ ሌሊት ዶሮው፣ በነጋታው ቁርጡ፣ ቅቤው (የጎጃም ቅቤ ደሞ ታውቁታላቹ)፣ አረቄው፣ ለሳምንት ሳይቋረጥ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ብቻ ምግብ ተለዋወጡ። ስጋና ስብ ይበሉ የነበሩት ወደ ፋይበር ሲዞሩ ቡቲሬታቸው ጨመረ፣ የአንጀታቸው የመቆጣት ምልክት ቀነሰ፣ የገጠሮቹ ላይ ደሞ ተቃራኒው ሆነ። ሁለት ሳምንት! እኛ በየዓመቱ ይሄን ልውውጥ እናደርገዋለን፣ ልብ ያላልነው ጾሙን እንደ ሃይማኖት እንጂ እንደ አንጀት ነገር አስበነው ስለማናውቅ ነው።

ቅቤን በተመለከተ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት አለ። የወተት ስብ ሲበዛ ጉበት ሚያወጣው ሐሞት ታውሪን ሚባል ድኝ ያለው ነገር ይበዛበታል፣ በሱ ላይ ቢሎፊላ ሚባል ባክቴሪያ ይፈላል፣ እሱም ያንኑ ጋዝ ይሰራል። በተፈጥሯቸው ለቁስለት የተጋለጡት አይጦች ታመሙ፣ ሌሎቹ አልታመሙም። ስለዚ ቅቤ መርዝ ነው ያለ የለም፣ እኔም አልልም። ግን አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ያለበት ሰው ሌላ ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ 191 ሕመምተኞችን ለዓመት የተከታተለ ጥናት ላይ ብዙ ስጋ በተለይ ቀይ ስጋና በፋብሪካ የተዘጋጀ ስጋ ሚበሉት፣ አልኮል ሚያበዙትም፣ በሽታው ይበልጥ ሲያገረሽባቸው ታይቷል። እንዲህ ያለ ዘመድ ያላቹ ፋሲካ ላይ "አንዴ ብቻ ቅመስ፣ ስለ ማርያም" እያላቹ አታስጨንቁት።

6. "ተረጋግጧል" ማለት

አልተረጋገጠም። አንዳንድ ጥናት የታመሙ ሰዎች ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች በዝተው አገኘ፣ ሌላው ልዩነት አላየም። በዝተው ሲገኙም ቁስለቱን አመጡት ወይስ የቆሰለ አንጀት ስለተመቻቸው በዙ ሚለው ጥያቄ አለ። ዘር አለ፣ የሰውነት መከላከያ አለ፣ ብዙ ነገር አብሮ ነው። ስለዚ ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛው ተገኘ ብሎ ኪኒን ሚሸጥላቹን ሰው አትመኑት።

7. ደም አይቶ ኪንታሮት ነው ብሎ መቀመጥ

ይሄኛው ነው ሚያመኝ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰገራዋ ላይ ደምና ንፍጥ እያየች ኪንታሮት ነው ተብላ ቅባት ስትቀባ ነበር፣ የሄደችበት ጤና ተቋምም ሳያያት ነው ቅባቱን የጻፈላት። አፍራ ለኔ እንኳን አልነገረችኝም፣ እኔ ፋርማሲ ቆሜ። ክብደቷ ሲያልቅ ባሕር ዳር ወስደን ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ሲደረግላት አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ሆነ። አሁን መድሃኒቷን ትወስዳለች፣ ደና ናት፣ ግን ሁለቱ ዓመት አይመለስም።

ደም ያለው ሰገራ እኛ አካባቢ ብዙ ምክንያት አለው። አሜባ አለ፣ ጣና ዙሪያ ዘጌን ጨምሮ ቢልሃርዚያ አለ፣ የአንጀት ቲቢ አለ፣ የአንጀት ቁስለት አለ፣ ካንሰርም አለ። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ ሚባለው ሌላ አንጀት ሚያቆስል በሽታ ደሞ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሐኪም እንኳን ናሙና ወስዶ ነው ሚለያቸው፣ ለክሮንስ ሚሰጠው ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያን ሚያበርድ መድሃኒት) ቲቢ ላለበት ሰው ከተሰጠ ቲቢውን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚ ጎረቤት የተረፈውን ፕሬድኒሶሎን፣ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ሲሰጣቹ አትዋጡ። ሌሊት ከእንቅልፍ ሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ ከወር ያለፈ የሆድ ለውጥ ካለ ደሙ ትንሽ ነው ብላቹ አትቆዩ። ጸበል ምትሄዱም ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ መድሃኒቱን ግን ይዛቹ ሂዱ፣ በተለይ ተሻለኝ ብላቹ እንዳታቋርጡት፣ ኮላይትስ ሚያገረሸው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ስትሄዱ ደሞ የዋጣቹትን ሁሉ ጻፉና ያዙ፣ ስንት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል፣ መቼ፣ ጾም ላይ ነበር ወይስ ፍስክ፣ ሰገራው ላይ ምን ታየ። አያም ያን ቀን ኪኒኑን ሳልሸጥላቸው ስቀር ተቆጥተውኝ ነበር፣ አስረድቻቸው ላብራቶሪ ሄዱ፣ ከሰዓት ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ። ጃርዲያ ነበር፣ አሜባ የለም። ቲኒዳዞል ታዘዘላቸው፣ ሁለቴ ሳይሆን አንዴ ነው ሚወሰደው ብዬ አስረዳኋቸው፣ ሚጠጡትን የጉድጓድ ውሃ አፍልተው እንዲጠጡም ነገርኳቸው። "እንግዲያ አራቱን ጊዜ ምኑን ነበር ስገድል የከረምኩት?" አሉኝ።